ገበናችሁ በማን እጅ ነው?

ይህ ባለፈው ቅዳሜ ባሕር ዳር ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው ያደረግሁት ንግግር ነው። መምጣት ያልቻላችሁ ጻፍልን ስላላችሁኝ እንደተናገርኩት አድርጌ ጻፍኩት። የተደጋገመውን ብቻ ቀንሻለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። ፊት የተቀመጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ ከኋላ ተጠጋግታችሁ የቆማችሁ ልጆች፣ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ስልካችሁን ዝጉ አልላችሁም። በኋላ እንፈልገዋለን።

ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ ኮምፒውተር ሳስተምር ነው። ከዚያ በፊት ግን ዘጠኝ ዓመት ስልክ ስጠግን ነው የኖርኩት። ስክሪን እቀይራለሁ፣ ፍላሽ አደርጋለሁ፣ ውሃ የገባበትን ፈትቼ አደርቃለሁ። ጣና ዳር ባለ ከተማ ውሃ የገባበት ስልክ ጠፍቶ አያውቅም። ጀልባ ላይ ሴልፊ ሲነሣ የሚያመልጠው ብዙ ነው።

ስልክ ጠጋኝ ጋ ሰው እንዴት እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ስልኩን ይሰጥሃል፣ ፓተርኑን ይነግርሃል፣ ማታ እመጣለሁ ብሎ ይሄዳል። እስከ ማታ ድረስ ፎቶው፣ ቻቱ፣ ባንኩ፣ የሚስቱ መልእክት ሁሉ እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። እኔ አልከፍትም ነበር። የሚከፍት ግን አለ። ወደ ፍላሽ ገልብጦ የሚያስቀምጥም አለ፤ በዓይኔ ያየሁት ስለሆነ ነው የምነግራችሁ። ስለዚህ ስልካችሁን ስታስጠግኑ የሚቻል ከሆነ እዚያው ቁሙ። ስትሸጡ ደግሞ ሜሞሪውን አውጡ፣ ከአካውንታችሁ ሁሉ ውጡ፣ ከዚያ ስልኩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ሙሉ በሙሉ አጥፉት። ይሄን ቶሎ ብዬ ላልፈው ነው፣ ዋናው ጉዳዬ ሌላ ነው።

አንድ ቀን ማታ ልዘጋ ስል አንዲት ልጅ መጣች። ዩኒፎርሟን አልቀየረችም። ሁለት ደንበኞች ውስጥ ነበሩ፣ እነሱ እስኪወጡ በር ላይ ቆማ ጠበቀች። ከዚያ ገባችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጋሼ፣ ሌላ ሰው ስልክ ላይ ያለ ፎቶ ከዚህ ሆኖ ማጥፋት ይቻላል?» አለችኝ።

መልሱ አይቻልም ነው። ከአፌ ቀድሞ የወጣው ግን እሱ አልነበረም። «መጀመሪያ ለምን ላክሽለት?» አልኳት።

ምንም አልመለሰችልኝም። ሻርፗን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ወጣች። ፎቶዋን የያዘው ሰውዬ ስንት ብር እንደጠየቃት፣ ስንት ቀን እንደሰጣት፣ ለሌላ ሰው ነግራ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ፤ የማታውቀው ስልክ ጠጋኝ ጋ የመጣችው ቤቷ መናገር ስላልቻለች ነው። እኔም ያንን ጥያቄ ጠየቅኳት። ከዚያ ቀን በኋላ ብዙ ነገር አንብቤያለሁ፣ ብዙ ልጆችም አነጋግሬያለሁ፤ ምክንያቱ ግን እሷ ናት። ዛሬም እዚህ የቆምኩት ለእሷ መመለስ የነበረብኝን ለእናንተ ለመመለስ ነው።

«ግላዊነት» የሚለው ቃል ለብዙዎቻችን እንግዳ ነው፣ የቢሮ ቃል ይመስላል። ገበና ሲባል ግን ሁላችንም እናውቃለን። ገበና የሌለው ሰው የለም። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ «ገበና ከታች» የምንለው ማንን ነው? ያየውን ሰው ነው። ጎረቤት ስኳር ልትበደር ብቅ ብላ ባልና ሚስት ሲጣሉ ብትሰማ፣ ሌማቱ ባዶ መሆኑን ብታይ፣ ዝም ብላ ትወጣለች። ወጥታ ካወራች ነውሩ የእሷ ነው፣ መንደሩም እሷን ነው የሚሸሻት። እናቶቼ፣ እውነቴን አይደለም? ስልክ ላይ ይሄ ተገለበጠብን። የአንዲት ልጅ ፎቶ ሲበተን ሰፈሩ የሚያወራው ስለ ልጅቷ ነው። ማን በተነው፣ ማን ተቀበለው፣ ማን ለሃያ ሰው አስተላለፈው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ወጣቱ ራሱን ማሳየቱን እኔ አላወግዝም። መታየት የዕድሜው ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የተባለው ቲክቶክ ሳይፈጠር ነው። አያቶቻችሁ ለጥምቀት ተኩለው፣ ጸጉራቸውን ተሠርተው፣ ታቦት ሸኝተው ሲመለሱ ሎሚ የሚወረውርላቸው አለ ወይ ብለው ዞር ይሉ ነበር። መልካም ነው። ግን ጥምቀት ላይ ማን እንዳያት ታውቃለች። ያያትም እሷ እንዳየችው ያውቃል። ሲመሽ ደግሞ ያልቃል።

ዳና ቦይድ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣችው ጥናት ወጣቶች ማኅበራዊ ገጽ ላይ የሚያገኙትን አደባባይ ከመንደር አደባባይ የሚለዩትን አራት ነገሮች ለይታ አስቀምጣለች። የተባለው ነገር ይቆያል። ተፈልጎ ይገኛል። እንዳለ ይባዛል። የሚያየው ሰው አይታይም። ቲክቶክ ሳይወለድ የተጻፈ ነው፣ ግን አሁንም ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላገኘሁም።

ስለ መባዛቱ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ኢንተርኔት ጠፍቶም ፎቶ አልቆመም። በብሉቱዝና ያለ ኢንተርኔት ፋይል በሚያስተላልፈው በዜንደር፣ ከሜሞሪ ወደ ሜሞሪ ይዞር ነበር፤ ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ ያየሁት ነው። አንድ ፎቶ አንዴ ሰው እጅ ከገባ ኔትወርክም አያስፈልገው።

የሚያየው ሰው አይታይም የሚለው ላይ ግን ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱም ልጆቼ እዚህ ላይ ነው የምትሸወዱት።

የእህቴ ልጅ 16 ዓመቷ ነው። ጎበዝ ልጅ ናት፣ ነውር ነገር አትለጥፍም። ፈቃዷን ጠይቄ ቲክቶኳን እንደማላውቃት ሰው ሆኜ አየሁት። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ነው የተቀመጥኩት። የመጀመሪያው ቪዲዮ ላይ ዩኒፎርም ለብሳለች። የከተማችን ሰው የዩኒፎርም ቀለም አይቶ ትምህርት ቤቱን ይነግራችኋል፤ ጻፍኩ። ሁለተኛው ላይ ከጀርባዋ የሱቅ ታፔላ አለ፤ ሰፈሯን ጻፍኩ። ሦስተኛው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ ነው። በግንቦት 2016 ከተመረቀ ወዲህ 380 ሜትሩን ቪዲዮ እየቀረጸ ያልተሻገረ ወጣት ያለ አይመስለኝም፣ እና ይሄ ብቻውን ምንም አይደለም። ግን እዚያው ድልድይ ላይ በተለያየ ቀን፣ ጥላው ሲረዝም፣ ቦርሳዋን እንዳዘለች የተነሣቻቸው አምስት ቪዲዮዎች አሉ። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስትወጣ በዚያ ነው የምታልፈው፣ በዚያ ሰዓት። ጻፍኩ። እሁድ ነጠላ ለብሳ ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደምትወጣ ይታያል። አንዱ ላይ «አባቢዬ ቶሎ ና ናፈቅኸኝ» ብላለች፤ አባቷ ከተማ የለም። ኮመንት ላይ ጓደኛዋ በቤት ስሟ ትጠራታለች። ሌላዋ ጓደኛዋ ደግሞ «ነገ ፔዳ ጋ እንገናኝ» ብላታለች።

ሃያ ደቂቃ አልሞላኝም። ወረቀቱን ሳሳያት አንብባ ሲያበቃ «እኔ እኮ ይሄን ሁሉ አልጻፍኩም» አለችኝ። እውነቷን ነው። አንዱንም አልጻፈችም።

አሁን አንድ ሰው ድልድዩ ጋ ቆሞ በቤት ስሟ ጠርቷት «የአባትሽ ጓደኛ ነኝ፣ ዕቃ ልኮልሻል» ቢላት ምን ታደርጋለች? እኔ አዋቂ ሰው ሆኜ እንኳ ብደናገር አይገርመኝም። በፎቶ አደጋ የሚመጣው ራቁት ፎቶ የላከችው ላይ ብቻ የሚመስላችሁ ወላጆች፣ እባካችሁ ይሄንን አስቡት።

አካውንቷን አላዘጋኋትም። ሦስት ነገር ነው የቀየርነው። ዩኒፎርም የለበሰችባቸውን አነሳች። አካውንቱን ፕራይቬት፣ ማለትም እሷ የፈቀደችለት ብቻ የሚያየው አደረገች። ከዚህ በኋላ ቦታው ላይ ሆና አትለጥፍም፤ ቀርጻ ቤት ስትገባ፣ ወይም በማግሥቱ ትለጥፋለች። ጭፈራዋን አልተወችም። እንዲያውም አሁን የተሻለ ትሠራለች።

እስቲ ልጆች፣ ቲክቶክ ስትከፍቱ የትውልድ ዓመታችሁን እውነቱን የሞላችሁ እጅ አውጡ።

(አዳራሹ ውስጥ የወጣው እጅ ከአሥር አይበልጥም ነበር። ሳቁ ግን ብዙ ነበር።)

አያችሁ፣ እዚህ ጋ ነው ራሳችሁን የምትጎዱት። ቲክቶክ እ.ኤ.አ. ከጥር 2021 ጀምሮ ከ13 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን አካውንት ሲከፈት ጀምሮ ፕራይቬት ያደርገዋል። ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ኢንቦክስ አይሠራም። ላይቭ ለመግባት ደግሞ 18 መሙላት አለበት። እነዚህን ጥበቃዎች ሁሉ እናንተ በአንድ የውሸት ዓመተ ምሕረት ታፈርሷቸዋላችሁ። የ14 ዓመት ልጅ 22 ነኝ ብላ ከሞላች ካምፓኒው እንደ 22 ዓመት ሴት ነው የሚያስተናግዳት፣ ያገኛትም ሰው እንደዚያው።

ስልካችሁን አውጡ አሁን። ቴሌግራም ክፈቱ። ሴቲንግ ውስጥ ፕራይቬሲ የሚል አለ። ስልክ ቁጥሬን ማን ያያል የሚለውን «ማንም» አድርጉት፣ ወይም ደግሞ የምታውቋቸው ብቻ። ግሩፕ ውስጥ ማን ያስገባኛል የሚለውንም የምታውቋቸው ብቻ አድርጉት። ከዚያ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የሚለውን ክፈቱና የይለፍ ቃል አስገቡ። ይሄኛው በጣም ያስፈልጋችኋል። «ለእህቴ ልጅ ውድድር ድምፅ ስጡልኝ» የሚል ሊንክ ያልደረሰው አለ? ሊንኩን ስትነኩ ቁጥራችሁን ይጠይቃል፣ ቀጥሎ የመጣላችሁን ኮድ ይጠይቃል፣ ኮዱን ስትሰጡ አካውንቱ የሌላ ሰው ይሆናል፤ ከእናንተም ተቀብሎ በእናንተ ስም ለአክስታችሁ ይልካል። ኮዱን ብትሰጡም ይለፍ ቃሉ ካለና እሱንም ካልሰጣችሁት አይገባም። እናቶች ዘንድ ሄዳችሁ እናንተ ልጆች አስተካክሉላቸው። አሁኑኑ፣ እዚሁ።

(እዚህ ጋ አንድ ሩብ ሰዓት ያህል ሄደ። አንድ አባት ስልካቸው ላይ የማያውቁት መሣሪያ ተገናኝቶ አገኙ፣ ከልጃቸው ጋር ሆነው አስወጡት።)

ሌላ፣ ፎቶ በቴሌግራም ስትልኩ ሁለት ዓይነት መንገድ አለ። እንደ ፎቶ ከላካችሁት ጥራቱ ትንሽ ይቀንሳል፣ ግን በፋይሉ ውስጥ የተደበቀው መረጃ አብሮ አይሄድም። እንደ ፋይል ከላካችሁት ጥራቱ እንዳለ ይሄዳል፣ ካሜራችሁ ሎኬሽን የሚመዘግብ ከሆነ ግን ፎቶው የተነሣበት ቦታም አብሮ ይሄዳል። ካርታ ላይ አስገብቶ ቤታችሁን ማግኘት ነው። ስለዚህ የካሜራውን ሎኬሽን ዝጉት።

አሁን ወደ ከበደው ልሂድ። በፎቶ የሚመጣው ማስፈራሪያ አጀማመሩ ሁሌም ተመሳሳይ ነው ማለት ይቻላል። በደግ ቃል ይጀምራል። ቪዲዮሽ ያምራል ይላታል፣ ወይም ለወንዱ ልጅ ቆንጆ ፕሮፋይል ያላት «ልጅ» ትጽፍለታለች። ወንዶች፣ እናንተንም ነው የማወራው፤ ወንድ ስለሆንኩ አይደርስብኝም ብላችሁ አትኩራሩ፣ የደረሰባቸው ወንዶች ለማንም ስለማይናገሩ ነው የማትሰሙት። ጥቂት ቀን ይጫወታሉ። ወደ ቴሌግራም እንሂድ ይባላል። መጀመሪያ እሱ ይልካል፣ የራሱ ያልሆነ ፎቶ። ከዚያ ተራው ያንተ ነው ይባላል። በላክህ በደቂቃዎች ውስጥ የጓደኞችህና የዘመዶችህ ስም ዝርዝር ይመጣልሃል፣ ከፎሎወርህ ላይ ለቅሞት። ከዚያ ብር።

አንዴ የከፈለ ሰው የሚከፍል መሆኑን ነው የሚያሳውቀው። ስለዚህ ይመለሳል፣ መጠኑንም ይጨምራል። ደግሞ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ምንም ያልላከ ልጅም አልተረፈም፤ ተራ የልደት ፎቶ ወስዶ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ራቁት አስመስሎ የሚሠራ አለ። ይሄ የደረሰባት ልጅ «እኔ አይደለሁም» ስትል ቤተሰቧ እንዲያምናት ከዛሬ ጀምሮ እወቁት።

ከደረሰባችሁ አትክፈሉ። ቻቱን በድንጋጤ አታጥፉት፣ ማስረጃችሁ እሱ ነው። የሚያስፈራራችሁ ሰው ዩዘርኔም፣ ቁጥሩ፣ ብር ላክ ያለበት አካውንት የሚታይበት ስክሪንሹት ያዙ። ከዚያ ብሎክ አድርጉና ለአንድ የምታምኑት አዋቂ ንገሩ። ሌሊትም ቢሆን ቀስቅሱት። ብቻችሁን አትደሩ።

ቴክ ኢት ዳውን የሚባል ነፃ አገልግሎት አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የተጀመረ፣ ከ18 ዓመት በታች ሆነው ለተነሡት ፎቶ ነው። ለትልልቆቹ ደግሞ ስቶፕ ኤንሲአይአይ የሚባል አለ። ሥራው እንዲህ ነው። ፎቶውን ለማንም አትልኩም፣ ከስልካችሁ አይወጣም። ስልካችሁ ላይ ሆኖ ከፎቶው እንደ ጣት አሻራ ያለ ቁጥር ያወጣል፣ ቁጥሩ ብቻ እንደ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክ ላሉት ይደርሳል፣ እነሱም ያ ፎቶ ሲለጠፍ አውቀው ያነሱታል። ሁሉም ካምፓኒ አልገባበትም፣ ከሰው ስልክ ላይም አያጠፋም። ያችን ልጅ ያኔ አይቻልም ከማለት ሌላ የምላት አልነበረኝም። አሁን ቢያንስ ይሄ አለ።

ሕግም አለ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት መብትን ያስከብራል። በ2016 የወጣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ አለን፣ ቁጥሩ 1321 ነው። ለዛሬ ጉዳያችን የቀረበው ግን በ2008 የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ነው። አንቀጽ 13 ሰውን በጽሑፍ፣ በምስል ወይም በቪዲዮ የሚያስፈራራን ይቀጣል። አንቀጽ 12 ደግሞ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን ወሲባዊ ምስል የሚያዘጋጅ ብቻ ሳይሆን የሚያስተላልፍና ይዞ የሚገኝንም ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል ይላል። ይዞ የሚገኝን ነው ያልኩት። ግሩፕ ውስጥ «አያችኋት?» ተብሎ የመጣላችሁን የክፍል ጓደኛችሁን ቪዲዮ ስልካችሁ ላይ ያስቀመጣችሁ ልጆች፣ እኔ አልላኩም፣ ዝም ብዬ ነው ያየሁት አትበሉ።

ወላጆች፣ ከእናንተ ጋር ትንሽ ቀረኝ። አስፈራሪው ልጃችሁን ምን እንደሚላት ታውቃላችሁ? «ለአባትሽ ነው የምልከው» ነው የሚላት። «ለእናትሽ ነው የማሳያት።» ሌላ መሣሪያ የለውም። ፎቶውን ለመንገደኛ ቢልከው ማን ይደነግጣል? ልጅቷ የምትከፍለው እናንተን ስለምትፈራ ነው። የማዳን ሥልጣኑ ያለው ሰው እናንተ ሆናችሁ፣ ሰውዬው በእናንተ ስም ይበላል። ልጃችሁ ሳትሳሳት በፊት፣ ዛሬ ማታ ቡና ላይ፣ «እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስብሽ አልገርፍሽም፣ ከቤት አላስወጣሽም፣ መጀመሪያ እኔ ጋ ነይ» በሏት። በአፋችሁ ተናገሩት። ታውቃለች ብላችሁ አትለፉት፤ አታውቅም። ልጁም አያውቅም።

የታመመ ሕፃን ፎቶ፣ የልጅ የፈተና ካርድ ከነመለያ ቁጥሩ የምትለጥፉትም እናንተ ናችሁ። ልጁ አድጎ ገበናዬን ማን አወጣው ቢል መልስ ይኑራችሁ።

አንዲት እናት ከመሃል ተነሥተው «ታዲያ ስልኩን ብነጥቃትስ አይሻልም ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። እትዬ፣ ስልክ የነጠቁት ልጅ የጓደኛዋን ስልክ ነው የምትጠቀመው። ያኔ ማንንም ቢያገኛት ለእርስዎ አትነግርዎትም፣ ምክንያቱም መጀመሪያ ስልክ መያዟን መናገር አለባት። ይልቅ እንዳልኩት አብረዋት ቁጭ ይበሉ፣ ወረቀት ይያዙ፣ አካውንቷን እንደ እንግዳ ሰው ይዩት። እርስዎም ይማራሉ፣ እሷም ትማራለች። ተከራክረን ነበር፣ ሙሉ በሙሉ የተስማሙልኝ አይመስለኝም።

ንግግሩ አልቆ ወንበር ስንሰበስብ አንድ ልጅ ቀረ። አሥራ ሰባት ቢሆነው ነው። ወንበር ያነሳል፣ ይመለሳል፣ ሌላ ያነሳል። ሰው ሲቀንስ ጠጋ ብሎ «ቲቸር፣ እኔ ጋ አንድ ቪዲዮ አለ» አለኝ። የማን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ለምን አስቀመጥከውም አላልኩትም። «አሁን እናጥፋው?» አልኩት። ከጋለሪው አጠፋ። የተጣለው የሚቆይበት ፎልደር ውስጥ እንዳለ አሳየሁት፣ ከዚያም አጠፋ። ቴሌግራሙ ላይም ነበር፣ ከዚያም አጠፋ።

«ግሩፑ ውስጥ አርባ ሦስት ልጆች አሉ» አለኝ ከዚያ። ወደ ስልኩ እንጂ ወደ እኔ አያይም።

«ጻፍላቸው» አልኩት።

መብራት አጥፍተን ስንወጣ ውጭ ዘንባባው ሥር ቆሞ ይጽፍ ነበር። ጽፎ ያጠፋል፣ እንደገና ይጽፋል። ባጃጅ መጣልኝና ሄድኩ፣ እሱ ገና አልጨረሰም።